አራት ኮምፒውተር፣ ሦስት ያረጀ ላይሰንስ

የምክር ዓምድ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ቤታችን ውስጥ አራት ኮምፒውተር አለ። ሳሎን ያለው ዴስክቶፕ የእኔ ነው። የሟቹ ባለቤቴ የምድር ባቡር ዘመን ፎቶዎችና የቤተሰቡ ሰነድ ሁሉ ስካን ተደርጎ እሱ ላይ ተቀምጧል። ትልቁ ልጄ ሠርግ ይቀርጻል፣ ሥራውን በላፕቶፑ ነው የሚሠራው። ሴቷ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ነው። ትንሹም ፊልም የሚያይበት አሮጌ ላፕቶፕ አለው። ካናዳ ያለው ወንድሜ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሦስት ኮምፒውተር የሚሆን የአክሮኒስ ትሩ ኢሜጅ ላይሰንስ ገዝቶ ልኮልን ነበር፤ ባክአፕ የሚያደርግ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ነው። ከሦስቱ አንዱ ኮምፒውተር ተቃጥሎ ከተጣለ ቆይቷል። አሁን በልጄ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስንጭነው የተፈቀደው ቁጥር ሞልቷል ይለናል። ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስንገባ በየዓመቱ በዶላር ክፈሉ ይላል። ሰፈራችን ያለው ኮምፒውተር ቤት ደግሞ ለአራቱም ፉል ቨርዥኑን በ600 ብር እጭንላችኋለሁ አለኝ። የእኔ ገቢ የጡረታ አበል ናት። ጎረቤቴ በበኩሏ የድሬ ሙቀት ሃርድ ዲስክ ይገድላልና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው ትለኛለች። ሐረር እህት አለችኝ፣ በየወሩ እንጠያየቃለን፣ እሷም ይኸው ጥያቄ አላት። ምን ይሻለናል?»

የሳቢያኗ እናት

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የገንዘብ ጥያቄ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ የባለቤትዎ ፎቶዎች ላይ ቀረ። መልሴም ከዚያ ይነሳል።

አራት ላይሰንስ አይግዙ። እንዲያውም አንድም ላያስፈልግዎት ይችላል። ለላይሰንስ ያሰቡት ገንዘብ ካለ፣ ሁለተኛ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዙበት።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት የ600 ብሩን ነገር ልጨርሰው፤ ልጁ ነገ መጥቶ ሊጭንልዎት ይችላልና። እባክዎን እንዳያስጭኑት። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። እሱም ያንን ክራክ፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረውን ቅጂ፣ ያወረደው ከማያውቀው ሰው ነው። ባክአፕ የሚያደርግ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ የማንበብ፣ የመጻፍና የማጥፋት ሥልጣን ይሰጠዋል። ክራኩ ሲጫን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንቲቫይረሱን አጥፉት ይባላል። ቁልፉን አስረክበው፣ ዘበኛውንም አሰናብተው ማለት ነው። ስቶፕ ዲጄቩ የሚባለው፣ የሰው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በአብዛኛው የተሰራጨው በእንዲህ ዓይነት ክራክ ነው። የሚያጠቃውም በብዛት የግለሰብ ኮምፒውተር ነው። ፎቶ ለማዳን ብለው የጫኑት ነገር ፎቶውን ሲቆልፍብዎት ማየት አልፈልግም።

አሁን ወደ አሮጌው ላይሰንስ እንምጣ። ወንድምዎ የገዛው አንዴ ተከፍሎ ለዘለቄታው የሚቆይ ዓይነት ነው። አልሞተም። ቁጥሩ ሞልቷል የሚለው የተቃጠለው ኮምፒውተር እስካሁን ስለተቆጠረ ይመስለኛል። ላይሰንሱ የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው? ገዝቶ የላከው እሱ ከሆነ በእሱ ኢሜይል መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለወንድምዎ ይደውሉለት። አካውንቱ ውስጥ ይግባና የተመዘገቡትን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ይይ። የሞተውን ከዚያ ላይ ሲያነሳው አንድ ቦታ ይለቀቃል። ይህ ምንም አያስከፍልም።

የተለቀቀውን ቦታ ግን ለአዲሱ ላፕቶፕ እንዳይሰጡት። አዲሱ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ 11 ይመስለኛል፤ ዊንዶውስ 11 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የእርስዎ ሶፍትዌር ደግሞ የ2017 ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከመወለዱ በፊት የተሠራ ነው። ጽሑፍ መጻፊያ ቢሆን ኖሮ ይሞከር እል ነበር። ይህ ግን ከዲስኩ ሥር ድረስ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሌላም ችግር አለ። በ2017 የተሠራ የማስነሻ ፍላሽ፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ ኮምፒውተሩን አስነስተው ባክአፑን የሚመልሱበት፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ አንዳንዴ የውስጡን ዲስክ ጭራሽ አያየውም። ባክአፑ በእጅዎ እያለ መመለሻ ያጣሉ። አሮጌው ላይሰንስ ለአሮጌው ዴስክቶፕ ይሁን።

ድርጅቱ በየዓመቱ ክፈሉ ማለቱ እርስዎን ለይቶ አይደለም። ለቤት ተጠቃሚ አንዴ ተከፍሎ የሚቀረውን ዓይነት መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የሶፍትዌሩንም ስም ያን ጊዜ ቀይሮት ነበር፤ በኋላ ወደ ትሩ ኢሜጅ መልሶታል። በሁለት ስም ቢያዩት ግራ አይጋቡ። ሌሎቹ የባክአፕ ሶፍትዌሮችም እንዲሁ ናቸው። ድሮ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ኖርተን ጎስት እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋረጠ። ብዙ ሰው በነፃ ሲጠቀምበት የኖረው የማክሪየም ሪፍሌክት ነፃ ቅጂም በ2024 መጀመሪያ አበቃ። ሶፍትዌር ይመጣል፣ ይሄዳል። ባክአፑ ግን አንድ ፕሮግራም ብቻ በሚከፍተው ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የባለቤትዎ ፎቶዎች ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እንዲሁ እንደ ፎቶ፣ ማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፍተው መልክ ይቀመጡ።

የዶላሩን ነገር ያውቁታል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ከዋለ ወዲህ ዶላር በባንክ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ዕዳ ለጡረታ አበል አይመችም። ወንድሜ ይከፍላል ቢሉም፣ እሱ አንድ ዓመት ቢረሳው ምን ይሆናል ብለው ያስቡ።

ወደ አራቱ ኮምፒውተሮች ልግባ። እኩል አይደሉም፤ እንደ እኩል ስናያቸው ነው ሒሳቡ የሚከብደን።

ከትንሹ ልጅ ላፕቶፕ ልጀምር። ፊልም ነው ያለው። ዊንዶውሱ ቢበላሽ ፎርማት ይደረጋል፣ አለቀ። አቦ ተወው የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ልጅዎ የምትጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ትንሽ ፋይል ነው። ጥቂት ሜጋባይት ቢሆን ነው። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፣ በየማታው እዚያ ታስቀምጠው። ከዚያ በተጨማሪ ዊንዶውስ ውስጥ ፋይል ሂስትሪ የሚባል ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ላይም ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ይገኛል። አንድ ፍላሽ ወይም ዲስክ ሲሰጡት በየሰዓቱ የተቀየሩትን ፋይሎች ይገለብጣል፣ የቀድሞዎቹንም ያቆያል። አማካሪዋ ያሰረዛት ምዕራፍ ከሳምንት በኋላ ይመለስ ቢባል ታገኘዋለች። ላይሰንስ አያስፈልገውም።

የትልቁ ልጅዎ ጉዳይ ይከብዳል። የሠርግ ቪዲዮ ግዙፍ ነው። ሙሉ ላፕቶፑን በየቀኑ ባክአፕ ላድርግ ቢል ዲስክ አይበቃውም። እሱ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ሳይሆን ልማድ ነው። ከቀረጻ እንደተመለሰ ካርዱን ወደ ላፕቶፑ ይገልብጥ። ወዲያው ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገልብጥ። ከሁለቱም ላይ ጥቂት ክሊፕ ከፍቶ ይይ። ካርዱን ፎርማት የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ሠርግ ተመልሶ አይቀረጽም፤ ሙሽሮቹ ፊት ቆሞ ጠፋብኝ ከማለት ይህ ግማሽ ሰዓት ይቀላል።

የቀረው ሳሎን ያለው የእርስዎ ዴስክቶፕ ነው። ሙሉ ባክአፕ የሚያስፈልገው እሱ ብቻ ነው። አሮጌው ላይሰንስ እስከሠራ ድረስ እዚያው ይጠቀሙበት። ቀጥ ካለ፣ ወይም ዴስክቶፑ ወደ ዊንዶውስ 11 ካደገ፣ ቪም ኤጀንት ፎር ዊንዶውስ የሚባለውን ነፃ ቅጂ ልጅዎ ይጫንልዎት። ለማውረድ ኢሜይል ያስመዘግባል እንጂ አያስከፍልም። ኮምፒውተሩን እንዳለ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገለብጣል፣ የማስነሻ ፍላሽም ይሠራል። ነፃው ቅጂ አንድ የባክአፕ ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለእርስዎ አንድ ይበቃል። ትልቁ ልጅዎ ኮምፒውተር መነካካት ከወደደ ደግሞ ዩርባክአፕን ይሞክር። እሱም ነፃ ነው። ዴስክቶፑ ላይ አንዴ ሲተከል የቤቱን ላፕቶፖች በዋይፋይ በኩል እየሰበሰበ ያስቀምጣል። ዳታው ከቤት ስለማይወጣ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይነካም። ዴስክቶፑ ግን በርቶ መቆየት አለበት።

ዴስክቶፑ ገና በዊንዶውስ 10 ላይ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ለግለሰቦች ግን የደህንነት ማሻሻያውን ለአንድ ዓመት የሚያራዝም ምዝገባ ከፍቷል። አንዱ አማራጭ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ማድረግ ነው፣ አያስከፍልም። አንድ ምዝገባ በዚያው አካውንት እስከ 10 ኮምፒውተር ይሸፍናል። ልጆችዎ ሴቲንግ ውስጥ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ ያገኙታል።

ይህን ሁሉ ሰምተው የለም፣ የለመድኩትን ሶፍትዌር ነው የምፈልገው ካሉ፣ መብትዎ ነው። ያኔ በርካሽ የሚገዛበትን ልንገርዎት። ለየኮምፒውተሩ አንድ አንድ እየተባለ አይገዛም። የሦስት ወይም የአምስት ኮምፒውተር ጥቅል ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ከሐረሯ እህትዎ ጋር ተካፍሎ ለመግዛት ካሰቡም ደንቡ በሌላ ቤት መጠቀምን ይፈቅድ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠየቅ። የክላውድ ቦታ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ድርጅቱ ዘንድ የሚቀመጥበት፣ የሌለበትን ዝቅተኛውን ደረጃ ይምረጡ። አይቸኩሉ፤ ማርች 31 ማለትም መጋቢት 22 የዓለም የባክአፕ ቀን ስለሚባል ብዙ ድርጅቶች ዋጋ ይቀንሳሉ። በኅዳርም ብላክ ፍራይዴይ ሲመጣ እንዲሁ። በተገዛበት ቀን ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ክፍያ ያጥፉት፤ ቅናሹ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ሳይከፍሉ በፊት ደግሞ ይህችን ይጠይቁ፦ ክፍያው ሲያልቅ የድሮውን ባክአፕ መመለስ እችላለሁ? አዎ ካላሉ ይተዉት። አካውንቱም በእርስዎ ኢሜይል ይከፈት። ካርዱ የወንድምዎ ቢሆን ችግር የለውም።

አሁን ስለ ዲስኩ ላውራ። እዚህ ጋ ነው ልቤ ያለው።

እኔ ለዓመታት ባክአፕ አለኝ ብዬ ስኖር ነበር። ዲስኩ ጠረጴዛዬ ላይ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይቀመጣል። አንድ ሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ላፕቶፔ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀመረ። ግድግዳ ላይ እንዳለ ሰዓት ነበር የሚመስለው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ጨለመ። አልደነገጥኩም፣ ባክአፕ አለኝ ብዬ። በማግስቱ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ዲስኩን ስሰካው የመጨረሻው ባክአፕ የሰባት ወር ነበር። ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል። ሞልቻለሁ የሚል ትንሽ መልእክት በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ እኔም በየቀኑ እዘጋው ነበር። በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ እናቴ ቡና እያፈላች የልጅነቷን ስታጫውተኝ የቀዳሁት ድምፅ ነበረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ታመመች፣ ያንን ጨዋታ እንደዚያ አድርጋ ደግማ አላወራችውም። ለዚህ ነው ሙከራ ሙከራ እያልኩ ሰው የማስቸግረው።

ሁለት ዲስክ ያስፈልግዎታል። ፎቶና ሰነድ ብቻ ከሆነ አንድ አንድ ቴራባይት ከበቂ በላይ ነው። አንዱ ከቤት ይሁን። ሲገለበጥ ብቻ ይሰካ፣ ሲያልቅ ይነቀል። ተሰክቶ የሚውል ዲስክን ቫይረስ ከነኮምፒውተሩ ይቆልፈዋል፣ መብራት ቦግ ድርግም ሲልም አብሮ ይመታል። ሁለተኛው ሐረር ይሁን፣ እህትዎ ዘንድ። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያስታውሳሉ። በአንድ ሌሊት ሰውንም ቤትንም ይዞ ሄደ። ያን ሌሊት ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች አልበም ይዘው አልወጡም። አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሁለት ዲስክ እንደ አንድ ዲስክ ነው። በየወሩ መጠያየቃችሁ ትልቅ ሀብት ነው። ሐረር ሲወጡ አዲስ የገለበጡትን ይዘው ይውጡ፣ እዚያ የነበረውን ይዘው ይውረዱ። የእህትዎ ፎቶም በዚያው ዲስክ ላይ አንድ ፎልደር ይኑረው፤ የእሷም ጥያቄ በዚሁ ተመለሰ። መታወቂያና የቤት ካርታ የመሰለ ሰነድ ካለበት በፓስወርድ ይቆለፍ፣ ፓስወርዱንም ለልጅዎ ይንገሯት።

ጎረቤትዎ ስለ ሙቀቱ ያሉት እውነት አለው። አንዳንድ ኤክስተርናል ዲስኮች በሥራ ላይ እያሉ እንዲችሉ የተሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ነው። የእኛን የሰኔ ከሰዓት ያውቁታል። ፍሪጁ ግን አይሆንም። ቀዝቅዞ የወጣ ዲስክ በድሬ አየር ላይ ያልበዋል፤ ከፍሪጅ የወጣ የውሃ ጠርሙስ እንደሚያልበው። ያ ጠል ውስጡ ሲገባ ይገድለዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ራቅ ብሎ፣ ከታች በኩል ይቀመጥ። ባክአፑን በሌሊት ወይም በማለዳ ያድርጉት፣ አየሩ ሳይግል። ዴስክቶፑ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ከሌለው መብራት በሚሄድበት ሰሞን አይጀምሩት፤ መሐል ላይ ሲቋረጥ ፋይሉ ይበላሻል።

የድሮዎቹ ባክአፖች ጉዳይ ቀርቷል። በ2017ቱ ሶፍትዌር የተሠሩት ፋይሎች ስማቸው መጨረሻ ላይ ቲብ የሚል አላቸው። እነዚያን አይሰርዙ፣ ሶፍትዌሩንም ከዴስክቶፑ ላይ ለጊዜው አያጥፉ። የድርጅቱ አዳዲስ ቅጂዎች ቲብን ይከፍታሉ። ከ2020ው ቅጂ ጀምሮ የመጣውን ቲብኤክስ የሚባል ዓይነት ግን የእርስዎ ሶፍትዌር አይከፍተውም። ስለዚህ አሁን፣ ሶፍትዌሩ በሕይወት ሳለ፣ ውስጣቸው ያለውን አውጥተው እንደ ተራ ፋይል አዲሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ልጆቹ ያግዙዎት። የላይሰንሱን ቁጥር ደግሞ ደብተር ላይ ይጻፉት።

ይህ ሲያልቅ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ዲስኩን የልጅዎ ላፕቶፕ ላይ ይሰኩ፤ ዴስክቶፑ ላይ አይሁን። ባዶ ፎልደር ይክፈቱ፣ ስሙን ሙከራ ይበሉት። ከባለቤትዎ ፎቶዎች አንዱን፣ ሲያዩት ዝርዝሩን የሚያውቁትን፣ ከባክአፑ ወደዚያ ፎልደር ይመልሱ። ይክፈቱት። በማውሱ ያቅርቡት፣ ፊታቸው እስኪለይ፣ የለበሱት ልብስ ቁልፍ እስኪታይ። ይህንን በዓመት ሁለቴ ይድገሙት። ቀኑ እንዳይረሳ ለሁለቱ የቁልቢ ንግሦች፣ ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ሰሞን ያድርጉት፤ ወንድምዎም ለንግሥ ከመጡ አብረው ያዩታል። ፎቶው ጥርት ብሎ ከመጣ፣ ሁለተኛውን ዲስክ በፎጣ ጠቅልለው ሐረር ለሚወስደው የደንገጎ መንገድ ያዘጋጁት።